ፒክአፕን ከአራት ወደ ስድስት ጎማ መቀየር፦ ከ2003 እስከ 2009 ለተሠራ ራም 3500 ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ በፒክአፕ ተሳቢ እየጎተቱ ከስቴት ስቴት ጭነት የሚያመላልሱ ወገኖች አሉን። "ሆትሾት" የሚባለው ሥራ ነው። ሥራውን ባለ አራት ጎማ መኪና ይዞ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፦ የኋላውን ድርብ ጎማ ባደርገውስ? ነፋስ ሲመታ ተሳቢው መኪናውን ያወዛውዘዋል። ጭነቱ ከበድ ሲል የኋላ ጎማ ይሞቃል። ጎን ለጎን የሚያልፍ ትልቅ መኪና ሲገፋህ መሪው እጅህ ላይ ይቀላል። ስለዚህ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ይቻላል፤ ብዙ ሰው ሠርቶታል። ግን ሥራው ጎማ መጨመር አይደለም። ጭነቱን የሚሸከመው የግራና የቀኙን ጎማ የሚያገናኘው አክሰል ነው፤ ስለዚህ አክሰሉን ሳትነኩ ጎማ ብቻ ከጨመራችሁ መኪናው ይሰፋል እንጂ አይጠነክርም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ሙሉ አክሰል ለሚቀይር ሰው ነው። ምሳሌ ያደረግኩት ከ2003 እስከ 2009 የተሠራውን የዶጅ ራም 3500 ናፍጣ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከሚመቹት መኪኖች አንዱ ስለሆነ።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት የሾፌሩን በር ክፈቱና የተለጠፈውን ምልክት አንብቡ። ጂቪደብሊውአር የሚለው ቁጥር መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደት ነው። ከሱ ጋር የፊትና የኋላ አክሰል ገደብ ለየብቻ ተጽፏል። እነዚህን ቁጥሮች የሰጠው ፋብሪካው ነው። አክሰል ቢቀየርም፣ ጎማ ቢጨመርም ቁጥሩ አይለወጥም። ክፍሎቹን ከገዛችሁበት መኪና ላይ ምልክቱን ልጦ መለጠፍ ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ እንዳታስቡት።

ስለዚህ ሐሳባችሁ "በወረቀት የበለጠ ለመጫን" ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ያላችሁን መኪና ሸጣችሁ ከፋብሪካ ባለ ስድስት ጎማ የወጣ ግዙ። እውነቱን ለመናገር ለአብዛኛው ሰው ይሄኛው መንገድ ይሻላል፤ በገንዘብም በጊዜም። መቀየሩ የሚያዋጣው መኪናችሁ በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ከሆነ፣ የምትፈልጉት መረጋጋትና የጎማ አቅም ከሆነ፣ ክፍሎቹንም በአንድ ላይ በደህና ዋጋ ካገኛችሁ ነው።

ለንግድ የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ቁጥሮች አትርሱ። ከስቴት ስቴት ስትሠሩ መኪናው ብቻውን ወይም ከተሳቢው ጋር ተደምሮ 10,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የዶት ቁጥርና የሕክምና ካርድ ያስፈልጋል። ድምሩ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና የተሳቢው የክብደት ገደብ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ ግዴታ ነው። ጎማ መጨመር ከሁለቱም ነፃ አያወጣም። ኢንሹራንሳችሁንም አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ "መኪናው ተቀይሯል" ከሚባል አሁን መናገር ይሻላል።

ስፔሰር ወይስ ሙሉ አክሰል?

ገበያው ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አዳፕተር ወይም ስፔሰር ነው። ወፍራም የብረት ወይም የአልሙኒየም ቀለበት በነባሩ አክሰል ላይ ይታሰርና ድርብ ጎማው እሱ ላይ ይቀመጣል። ርካሽ ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ችግሩ ግን አለ። ከፋብሪካ ለድርብ ጎማ የተሠራ አክሰል ቱቦው ረዘም ያለ ነው፤ ኩሽኔቶቹም ወደ ውጭ ወጥተው ከጭነቱ ሥር ይቀመጣሉ። በስፔሰር ግን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ኩሽኔቱ ባለበት ይቀራል። ጭነቱ ከኩሽኔቱ ርቆ ሲጫን አክሰሉን ያጎብጠዋል፣ ኩሽኔቱንም ቶሎ ይበላዋል። ቀላል ጭነት ለሚጎትት ሰው ሊያገለግል ይችላል። በየቀኑ ጉስኔክ፣ ማለትም ካሶኒው መሃል ላይ የሚታሰር ከባድ ተሳቢ፣ ለሚጎትት ሰው ግን አልመክርም።

ሁለተኛው መንገድ ሙሉ አክሰሉን ከባለ ስድስት ጎማ መኪና ላይ አውርዶ መግጠም ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለዚህ ነው።

ክፍሎቹን መግዛት

የተጋጨ ባለ ስድስት ጎማ ራም ፈልጉ። ፊቱ የተመታ፣ ኋላው ደህና የሆነ ቢሆን ይመረጣል። ሁሉንም ከአንድ መኪና መውሰድ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል፦ የኋላ አክሰሉን ከነፍሬኑ፣ ባሌስትራውን፣ ስድስቱን ቸርኬ፣ የፊት ጎማ የሚታሰርበትን ሀብ ከነማስረዘሚያው፣ ካሶኒውን ከነፓራፋንጎው፣ የጣሪያ መብራቶቹን፣ የጎማ ዳዶዎቹን።

የፊት ሀቡን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የባለ ስድስት ጎማ ቸርኬ መሃሉ በጣም የጎደጎደ ነው። ከኋላ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ይገናኛሉ። ፊት ላይ ያው ቸርኬ ሲገባ ጉብታው ወደ ውጭ ይዞራል። ነባሩ ሀብ ላይ ቢታሰር ጎማው ወደ ውስጥ ገብቶ ከመሪው ክፍሎች ጋር ይጋጫል። ፋብሪካው ይህን የሚፈታው በማስረዘሚያ ነው። ሀቡን ስትገዙ የመኪናው ዓመት ከናንተ ጋር ይቀራረብ፤ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) ሴንሰሩ ገመድ በየዓመቱ አንድ ዓይነት አይደለም።

በነዚህ ዓመታት የናፍጣ ራም የኋላ አክሰል በባለ አራቱም በባለ ስድስቱም ኤኤኤም 11.5 የሚባለው ነው። ቁጥሩ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ባለ ጥርስ ክብ ስፋት በኢንች ነው። የጎማው ቡሎን አቀማመጥም ሁለቱም ላይ አንድ ነው፤ 8 ቡሎን በ6.5 ኢንች ክብ ላይ። ሌላ መኪና ላላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ፎርድ ሱፐር ዲዩቲ ከ1999 እስከ 2004 ሁለቱንም በ170 ሚሊሜትር ነበር የሚሠራው፤ ከ2005 ጀምሮ ባለ ስድስቱን ወደ 200 ለወጠው። ጂኤም ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ባለ አራቱን 180፣ ባለ ስድስቱን 210 አደረገ። በነዚህ ላይ ቸርኬውን እርስ በርስ ማለዋወጥ አይቻልም።

ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው የጥርስ ሬሾ ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው። መኪናችሁ አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የኋላው ሬሾ ከፊቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ፊት 3.73፣ ኋላ 4.10 ሆኖ ፎር ዊል ካስገባችሁ የማከፋፈያ ካምቢዮው ይሰበራል። በሻጩ ቃል አትመኑ። አክሰሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ሳለ ሁለቱንም ጎን እኩል አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና ዘንጉ የሚታሰርበትን የፒኞኑን ዙር ቁጠሩ። ፒኞኑ ላይ በኖራ ምልክት ብታደርጉ ይቀላል። ሦስት ከሦስት ሩብ አካባቢ ከዞረ 3.73 ነው፤ አራቱን አልፎ ትንሽ ከጨመረ 4.10 ነው።

ሁለተኛው ሻሲ ካብ የሚባለው ነው፤ ካሶኒ ሳይኖረው ከፋብሪካ የሚወጣው የሥራ መኪና። ራም ይህን ከ2007 ጀምሮ ሠርቷል። ሻሲው ከኋላ ጠበብ ያለ ስለሆነ አክሰሉ ላይ ባሌስትራ የሚቀመጥበት ቦታ ከፒክአፑ ጋር አይገጥምም። ዋጋው ረክሶ ስታዩት አትጓጉ።

ሦስተኛው ካሶኒ ነው። የዚያ ዘመን ኳድ ካብ ባለ ስድስት ጎማ የሚመጣው ባለ 8 ጫማ ረጅም ካሶኒ ሆኖ ነው። የናንተ አጭሩ ከሆነ አጭር ካሶኒ ያለው ባለ ስድስት ጎማ የምታገኙት በ2006 ከመጣው ሜጋ ካብ ላይ ነው። ለሆትሾት የምትሠሩ ከሆነ ግን ካሶኒውን ትታችሁ ጠፍጣፋ ፍላትቤድ ማስገጠም ሌላ አማራጭ ነው፤ የፓራፋንጎውም ጣጣ ይቀራል።

የጎማው ሒሳብ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ አደጋው እዚህ ነው ያለው።

በባለ አራቱ ላይ የተለመደው ጎማ 265/70አር17 ሲሆን በባለ ስድስቱ ላይ 235/80አር17 ነው። ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ የመጀመሪያው 803 ሚሊሜትር፣ ሁለተኛው 808 ገደማ። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው ብዙም አይዛባም። በአቅም ግን ይለያያሉ። ኢ የሚባል የጭነት ደረጃ ያለው 265 ለብቻው ሲሠራ 1,450 ኪሎ ይችላል። ሁለቱ ኋላ ጎማዎች 2,900 ኪሎ ማለት ነው። 235ቱ በድርብ ሲሠራ እያንዳንዱ 1,285 ኪሎ ይችላል፤ አራቱ 5,140 ኪሎ። ጎማው ላይ ሁለት ቁጥር የተጻፈው ለዚህ ነው፤ ለብቻ ሲሠራና በድርብ ሲሠራ። በድርብ ሲሆን አቅሙ ቀነስ የሚለው ሁለቱ ጭነቱን ሁልጊዜ እኩል ስለማይካፈሉ ነው።

"235 ቀጭን ነው፣ ያሉኝን 265ቶች ልግጠማቸው" የሚል ሰው አይጠፋም። ሒሳቡን እንሥራው። የሁለቱ ጎማዎች መሃል ለመሃል ርቀት የቸርኬው ኦፍሴት (ሀቡ ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው መሃል ያለው ርቀት) እጥፍ ነው። ኦፍሴቱ 136 ሚሊሜትር ቢሆን ርቀቱ 272 ይሆናል። ከዚህ የ235 ጎማ ስፋት ሲቀነስ በመሃል 37 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል። በ265 ግን 7 ሚሊሜትር ብቻ። ጭነት ሲያርፍበት ጎማ ከታች ይነፋል። 7 ሚሊሜትር ዜሮ ይሆንና ሁለቱ ጎማዎች እየተፋተጉ ይሞቃሉ። መጨረሻው ፍንዳታ ነው፤ እሳትም ሊነሳ ይችላል። የኛ አገር አይሱዙ ሾፌር ድርብ ጎማው መሃል የገባ ድንጋይ ጎማ እንደሚበላ ያውቃል። ጎማ ለጎማ ሲነካካ ደግሞ ያ ድንጋይ በየዙሩ እንዳለ ቁጠሩት።

ጎን ለጎን የሚገቡት ሁለት ጎማዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ መጠን፣ ተቀራራቢ የጎማ ጥርስ። የቁመት ልዩነታቸው ከ6 ሚሊሜትር አይብለጥ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያለቀ ከሆነ ረጅሙ ጭነቱን ሁሉ ይሸከማል፣ አጭሩ መንገዱ ላይ ይጎተታል።

ሥራው

ጠፍጣፋ ኮንክሪት መሬት ያስፈልጋል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ሻሲውን ከባሌስትራው ወደ ፊት ባለው ቦታ በጠንካራ መደገፊያ እግሮች ላይ አስቀምጡ፤ የፊት ጎማዎቹን በሽብልቅ ያዙ። አክሰሉ ከነፍሬኑ ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ ብቻችሁን አትሞክሩት።

መጀመሪያ ካሶኒውን አውርዱ። ያለሱ ሥራው በግማሽ ይቀላል። የነዳጅ መሙያውን አንገት፣ የኋላ መብራቶቹን ሶኬትና የመሬት ገመዱን ፍቱ። ከዚያ ከሻሲው ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ፍቱና በአራት ሰው ወይም በማንሻ አንሱት። የዛጉ ቡሎኖች ላይ ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ብትረጩ አትሰብሯቸውም።

አሁን የድሮውን አክሰል። ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደውን ዘንግ ከመፍታታችሁ በፊት ከፒኞኑ ጋር ያለውን አቀማመጥ ምልክት አድርጉበት። የፍሬን ቱቦውን ፍቱና ጫፉን ወዲያው ድፈኑ፤ ዘይቱ ፈሶ ካለቀ የኤቢኤስ ሳጥኑ ውስጥ አየር ይገባና ማስወጣቱ ይከብዳል። የእጅ ፍሬን ገመዱን፣ የሴንሰሩን ገመድ፣ መተንፈሻ ቱቦውንና ሾኮቹን አላቁ። አክሰሉን በክሪክ ደግፉና ባሌስትራውን ከሱ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች ፍቱ። ወደ ኋላ እየተንከባለለ ይወጣል።

አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት መሬት ላይ እንዳለ ጊዜ ስጡት። የዲፈረንሻሉን ክዳን ክፈቱ። ዘይቱ ውስጥ የብረት ቅንጣት ካለ ወይም ጥርሱ ከተላጠ መልሱት። የጎማውን ኩሽኔት እጃችሁን አስገብታችሁ አዙሩት፤ የሚያንገራግር ከሆነ ይቀየር። የዘይት ማኅተሞቹን ያለምንም ማቅማማት አዲስ አድርጉ። ፍሬን ሸራውን፣ ዲስኩንና ውስጡ ያለውን የእጅ ፍሬን ሸራ እዩ። ይህ ሁሉ መሬት ላይ ሲሠራ ቀላል ነው፤ መኪናው ሥር ተኝቶ ሲሠራ ግን ቀን ሙሉ ይወስዳል።

ከዚያ ከባሌስትራው ሥር አስገብታችሁ የባሌስትራው የመሃል ቡሎን ከመቀመጫው ቀዳዳ ጋር በትክክል መገናኘቱን አረጋግጡ። ካልገጠመ አክሰሉ ጠማማ ይሆናል፣ መኪናውም ወደ ጎን ይሄዳል። የዩ ቡሎኖቹ አዲስ መሆን አለባቸው። አንድ ጊዜ የተወጠረ ዩ ቡሎን ተስቧል፤ ሁለተኛ አይያዝም። በመስቀል ቅርጽ ቀስ በቀስ አጥብቁ። የመጨረሻውን ጥብቀት መኪናው በጎማው ቆሞ ስጡት። ከ500 ማይል በኋላ ደግሞ እንደገና።

ዘንጉን በምልክቱ መልሱ። የፍሬን ቱቦውን አገናኙና አየሩን አስወጡ፤ ከፍሬን ፓምፑ ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጀምራችሁ። ፔዳሉ ስፖንጅ ከሆነ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ዲፈረንሻሉን በ75ደብሊው-90 ሲንቴቲክ ዘይት ሙሉ። የመተንፈሻ ቱቦውን መመለሳችሁን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ እሱ ከተደፈነ አክሰሉ ሲሞቅ ዘይቱ በማኅተሙ በኩል ወደ ፍሬኑ ይወጣል።

ፊት ላይ ሀቡን ከነማስረዘሚያው ስትቀይሩ የሴንሰሩ ገመድ መሪው ሙሉ ሲዞር እንዳይወጠር አድርጋችሁ እሰሩት።

ጎማ ማሰር

ቸርኬው ሀቡ ላይ የሚያርፍበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ቀለምና ዝገት ሁለት ቸርኬ መሃል ከቀረ በሺህ ማይል ውስጥ ይረግፍና ዳዶው ይላላል። በባለ ስድስት ጎማ መኪና ላይ ጎማ የሚወልቅበት አንዱ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

የውስጠኛውንና የውጨኛውን ጎማ የአየር መሙያ አፍ በተቃራኒ ቀዳዳዎች አድርጉ። የውስጠኛውን አፍ በብረት ማስረዘሚያ አውጡት። እጅ የማይደርስበት ከሆነ ማንም አይለካውም።

ዳዶዎቹ ከታች የሚሽከረከር ዋሸር ያላቸው ናቸው። በዳዶውና በዋሸሩ መሃል ጠብታ ዘይት ጨምሩ፤ ቡሎኑ ጥርስ ላይ ግን ዘይት አታድርጉ። በኮከብ ቅርጽ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። የዚያ ዘመን ራም ባለ ስድስት ጎማ ልኩ 145 ፉት ፓውንድ ነው። በአየር ጠመንጃ ብቻ አጥብቆ የሚሄድ ጎሚስታ ካጋጠማችሁ በራሳችሁ ቁልፍ ደግማችሁ ለኩት። ከ100 ማይል በኋላ ፈትሹ፣ በ500 ማይል ደግሞ እንደገና። ይህን የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው፤ እባካችሁ እናንተ አትለፉት።

ካሶኒና መብራት

ባለ አራት ጎማው ራም ስፋቱ 79.5 ኢንች ገደማ ነው፤ ባለ ስድስቱ 96 ኢንች አካባቢ። የፌዴራሉ የመብራት ደንብ ስፋቱ 80 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ መኪና ተጨማሪ መብራት እንዲኖረው ያዛል። ጣሪያው ላይ አምስት ብርቱካናማ፣ ከኋላ መሃል ሦስት ቀይ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ቀይ። ባለ ስድስቶቹ ጣሪያ ላይ የምታዩዋቸው አምስት መብራቶች ለጌጥ አይደሉም። ኤልኢዲ ግጠሙና ከፓርኪንግ መብራቱ መስመር በራሱ ፊውዝ አውጡት። ጣሪያውን ስትበሱ የቀዳዳውን ጠርዝ ቀለም ቀቡና በሲሊኮን ድፈኑ፤ ካልሆነ በመጀመሪያው ዝናብ ውኃው ጭንቅላታችሁ ላይ ይወርዳል።

ነባሩን ካሶኒ ይዛችሁ ሰፊ የፋይበርግላስ ፓራፋንጎ ልትለጥፉበት ካሰባችሁ የካሶኒው ጎን መቆረጥ አለበት። የተቆረጠው ብረት ካልታሸገ ይዝጋል። ሙሉ ካሶኒ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ጭቃ መከላከያውንም አትርሱ፤ አራት ጎማ የሚወረውረው ድንጋይ የኋለኛውን ሰው መስታወት ይሰብራል።

ከዚያ በኋላ

አነዳዱ ይለያል። ከፊት መኪናው ያው ነው፤ ከኋላ ግን በየጎኑ ወደ 20 ሴንቲሜትር ወጥቷል። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ሰፋ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ ካልሆነ የውጨኛው ጎማ ጠርዙን ይመታል። ብዙ የመኪና ማጠቢያ አያስገባችሁም። በረዶ ባለበት ስቴት ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ባዶ ሲሆን ክብደቱ በአራት ጎማ ስለሚከፈል ከበፊቱ ይበልጥ ይንሸራተታል።

የውስጠኛው ጎማ አየር ቢያጣ ከውጭ አይታይም። ውጨኛው ብቻውን ሸክሙን ይዞ ይሞቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ይሄዳሉ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ስድስቱንም በመለኪያ ለኩ። በእግር መምታት ምንም አይነግራችሁም። በየማቆሚያው በጨረር የሙቀት መለኪያ አራቱን ኋላ ጎማዎች እዩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ከሞቀ አንድ ነገር አለ፣ ወይ አየር ወይ ፍሬን ወይ ኩሽኔት።

መጀመሪያ ጭነት የጫናችሁ ቀን ትራክ ስቶፕ ላይ ያለው ሚዛን ላይ ቁሙ። የኋላ አክሰሉን ቁጥር በሩ ላይ ካለው ገደብ ጋር አስተያዩት። ከሚዛኑ ሳትወርዱ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ በሁለቱ ጎማዎች መሃል ከታች ያለውን ክፍተት እዩ። ጭነት ይዞ እያለ ጣት የሚያስገባ ቦታ ከሌለ ጎማው ልክ አይደለም፤ ያ ጉዞ እዚያው ይቁም።

ስኮርታውንም ቀይሩት። ካሶኒው ሥር ያለው የድሮው 265 ለአዲሱ አክሰል አይሆንም። ከስድስቱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሰባተኛ ቸርኬ ከነጎማው ግዙ፣ የክሪኩም አቅም ለአዲሱ ክብደት ይበቃ እንደሆነ አብራችሁ እዩ።